ከጣሪያው ሥር ማን አለ?
ቤትም፣ ቤተሰብም፣ ሊቅም፣ አገርም የምትሆነው አንዲት የቻይና ፊደል

ልጅዎ ቻይንኛ መማር ቢጀምር በመጀመሪያዎቹ ወራት ደብተሩ ላይ ደጋግሞ ከሚጽፋቸው ፊደላት አንዷ «ጂያ» ተብላ የምትነበበው ናት። ከላይ ጣሪያ አላት፤ ከጣሪያው ሥር ደግሞ አሳማ ቆሟል። ትርጉሟን ቢጠይቁት «ቤት ማለት ነው» ይልዎታል። ጥቂት ቆይቶ «ቤተሰብ ማለትም ነው» ይላል። ከዚያ «ሳይንቲስት» በሚለው ቃል መጨረሻ ላይ ያገኛታል። «አገር» በሚለው ቃል ውስጥም አለች። መምህሩ ክፍል ገብተው «ሁላችሁም እንደምን ናችሁ?» ሲሉም ይጠሯታል። ምግብ ቤት ሲቆጠር እሷ፣ ልጅ ስትዳር እሷ፣ ሰው ሲመንን እሷ።

አንዲት ፊደል ይህን ሁሉ እንዴት ተሸከመች? መልሱ ከቋንቋ ትምህርት ያለፈ ነው። ቻይናውያን ስለ ትዳር፣ ስለ ሥራ፣ ስለ መንግሥት፣ ስለ ናፍቆትና ስለ ገበና ያላቸው አስተሳሰብ በዚህች ፊደል ዙሪያ ይሽከረከራል። «ቤት» የሚለውን ቃል ለመቶ ነገር ለምንጠቀም ለእኛ ለአማርኛ ተናጋሪዎች ደግሞ ነገሩ እንግዳ አይመስልም።

አሳማው ምን ይሠራል?

የቻይና ጽሕፈት እንደ እኛ ፊደል ድምፅን ብቻ የሚመዘግብ አይደለም። እያንዳንዱ ምልክት አንድ የድምፅ ቀለም ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ የራሱ ትርጉም አለው። ጂያ የምትጻፈው በ10 ጭረት ነው፤ 3ቱ ጣሪያውን፣ 7ቱ አሳማውን ይሠራሉ። የቻይና መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ብዙ ፊደላትን ሲያቀልል ይህችን ሳይነካት አለፈ። ስለዚህ ቤጂንግም ሆነ ታይፔ ውስጥ መልኳ አንድ ነው።

ዕድሜዋ ከ3 ሺህ ዓመት ይበልጣል። በሻንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን ነገሥታቱ ጥያቄያቸውን በኤሊ ድንጋይና በከብት አጥንት ላይ እያስቀረጹ ይጠነቁሉ ነበር። እነዚህ አጥንቶች በዛሬዋ ሄናን ክፍለ ሀገር፣ አንያንግ አካባቢ ተገኝተዋል፤ ምሁራን ጥንታዊ ጽሑፍ መሆናቸውን የተረዱት እ.ኤ.አ. በ1899 ነው። በእነዚያ አጥንቶች ላይም ጣሪያና አሳማ አብረው ይታያሉ።

አሳማው ለምን ገባ? ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ አልተስማሙም። እ.ኤ.አ. በ100 ገደማ ታላቁን የፊደላት መዝገበ ቃላት ያዘጋጀው ሹ ሸን፣ አሳማው የገባው ድምፁን ለማመልከት ነው ብሏል፤ የወንድ አሳማ ስም በጥንቱ ቋንቋ ከዚህች ፊደል ጋር አንድ ዓይነት ድምፅ ነበረውና። ሌሎች ደግሞ ቤቱ አባቶች የሚታሰቡበት ስፍራ፣ አሳማው ደግሞ የሚቀርበው መሥዋዕት ነው ይላሉ። ሦስተኛው አስተያየት ለገበሬ ልጅ ቀላል ነው፦ አሳማ የሚያረባ ሰው ዘላን አይደለም፤ አንድ ቦታ ተቀምጧል፣ ጓሮ አለው፣ የተረፈ ምግብ አለው። አሳማ ካለ ቤት አለ ማለት ነው። በሃን ሥርወ መንግሥት መቃብሮች ውስጥ የተገኙ የሸክላ ቤት ምስሎችም በረታቸው ከነአሳማው ይታያል።

በአብዛኞቻችን ማዕድ አሳማ አይቀርብምና ሥዕሉ መጀመሪያ ያስደነግጥ ይሆናል። ነገር ግን በእኛም አገር ሰው ወደ ቤት ሲገባ «ቤት ለእምቦሳ» ይባላል፤ «እምቦሳ እሰሩ» ተብሎም ይመለሳል። እነሱ አሳማውን ጣሪያው ሥር ጻፉት፤ እኛ ጥጃዋን በምርቃት አስገባናት። ሐሳቡ አንድ ነው፦ የሞላ ቤት ማለት እንስሳ የታሰረበት ቤት ነው።

ይኸው ጣሪያ ሌሎችንም ያስጠልላል። ሴት ሥሩ ስትቀመጥ «አን» ትሆናለች፤ ሰላምና እርጋታ ማለት ነው። ቲያንአንመን በተባለው የቤጂንግ አደባባይ ስም ውስጥ ያለችው እሷ ናት። ሕፃን ሥሩ ሲገባ «ዝ» ተብሎ ይነበባል፤ ትርጉሙም ራሱ «ፊደል» ነው። በሬ ሲገባ ግን ሌላ ነው፤ መጀመሪያ በረት የነበረው ቃል ዛሬ ወኅኒ ቤት ሆኗል። ለልጆች የሚያስደስት ጨዋታ ነው፤ ጣሪያውን ሥለው «ሥሩ ማን ይግባ?» እያሉ መገመት።

ድምፁ ሲሳሳት

በቻይንኛ አንድ ቃል በአራት ዓይነት ዜማ ሊባል ይችላል፤ ዜማው ሲለወጥ ትርጉሙ ይለወጣል። ጂያ ከፍ ባለና ባልተወላገደ ድምፅ ስትባል ቤት ናት። ድምፁ ወርዶ ሲነሳ «ሐሰተኛ» የሚል ሌላ ቃል ይሆናል። ከላይ ወደ ታች ሲወረወር ደግሞ «ዋጋ» ይሆናል። ነገሩ እንግዳ እንዳይመስለን፤ እኛም «ገና» የሚለውን ስናላላው «ጊዜው አልደረሰም»፣ ስናጠብቀው የልደት በዓል ነው። ልዩነቱ እኛ በማጥበቅና በማላላት፣ እነሱ በዜማ መለየታቸው ነው።

በገበያ ሥራ ላይ ላለን ሰዎች ከሁሉ የሚያስገርመው የገዢና የሻጭ ነገር ነው። ገዢ «ማይጂያ» ነው፤ ሻጭም «ማይጂያ» ነው። የሚለያቸው የ«ማይ» ዜማ ብቻ ነው፤ ወርዶ ከተነሳ ገዢ፣ ከተወረወረ ሻጭ። ቃላቱ በቃል በቃሉ ሲፈቱ «የሚገዛ ቤት» እና «የሚሸጥ ቤት» ማለት ናቸው። በጨዋታ ያሸነፈም የተሸነፈም እንዲሁ በጂያ ይጠራል፤ የሚያሸንፍ ቤት፣ የሚሸነፍ ቤት።

ግድግዳውና ኑሮው

ቻይንኛ ሕንፃውንና ኑሮውን ይለያል። ሲሚንቶውና ቆርቆሮው «ፋንግ» ነው፤ ደላላ የሚሸጠው፣ ባንክ የሚያበድርበት እሱ ነው። ጂያ ግን ሰው ሲገባበት፣ እሳት ሲነድበት የሚመጣ ነገር ነው። አንድ ሰው ሦስት ፋንግ ኖሮት ጂያ ላይኖረው ይችላል።

ከዚህ የሚወለዱት ቃላት ብዙ ናቸው። «ላኦጂያ» አሮጌ ቤት ማለት ነው፤ ነገር ግን የሚጠየቀው ስለ ግድግዳው ዕድሜ አይደለም። «ላኦጂያህ የት ነው?» ያለዎት ሰው የአባትዎን አገር፣ የዘር ሐረግዎ የሚመዘዝበትን መንደር ነው የሚጠይቅዎት። ቤጂንግ ተወልዶ ያደገ ወጣት እንኳ ረግጦት የማያውቀውን የአያቱን መንደር ሊጠቅስ ይችላል።

«ቼንግጂያ» ቤት መሆን፣ ማለትም ትዳር መያዝ ነው፤ የእኛ «ጎጆ መውጣት» ማለት ነው። «ጂያጃንግ» በቃል በቃሉ የቤት አለቃ ነው፤ ድሮ አባወራው ብቻ ይጠራበት ነበር፤ ዛሬ ትምህርት ቤቶች እናትንም አባትንም «ወላጅ» ብለው ለስብሰባ የሚጠሩበት ቃል ሆኗል። የቤተሰብ ብዛት ሲጠየቅ ደግሞ «ጂያችሁ ውስጥ ስንት አፍ አለ?» ይባላል። የሚቆጠረው ራስ ሳይሆን የሚመገበው አፍ ነው።

ትሕትናም በዚህችው ፊደል ይገለጻል። በጥንቃቄ የሚናገር ሰው የራሱን አባት «ጂያፉ»፣ እናቱን «ጂያሙ» ይላል፤ «የቤቴ አባት»፣ «የቤቴ እናት» እንደማለት ነው፤ ዝቅ ያለ አጠራር ነው። የአነጋጋሪውን አባት ግን በጂያ መጥራት ነውር ነው፤ ለዚያ ሌላ ከፍ ያለ የአክብሮት ቃል አለ። የራስን ዝቅ፣ የሌላውን ከፍ ማድረግ። «አንተ» እና «እርስዎ»ን ለይቶ ያደገ ኢትዮጵያዊ ይህ ሥርዓት ቶሎ ይገባዋል።

ሊቁም «ቤት» ነው

ደራሲ «ዝዎጂያ» ነው፤ ሠዓሊ «ኋጂያ»፤ ሳይንቲስት «ከሹዌጂያ»፤ በአንድ ሙያ የተካነ ባለሙያ ደግሞ «ጅዋንጂያ»። የሁሉም መጨረሻ ጂያ ነው። የሚጽፍ ሁሉ ግን ጂያ አይባልም። ቃሏ የምትሰጠው ሙያውን ለኖረበት፣ እንደ ቤቱ ለሚያውቀው ሰው ነው። አንድ ጀማሪ ራሱን «ዝዎጂያ ነኝ» ብሎ ቢያስተዋውቅ ትንሽ ጉራ ይመስልበታል፤ «እጽፋለሁ» ቢል ይሻለዋል።

ከክርስቶስ ልደት በፊት፣ ቻይና በተከፋፈሉ መንግሥታት ጦርነት ስትታመስ፣ የተለያዩ የፍልስፍና መንገዶች ተነሡ። ዘመኑ እስከ ዛሬ የሚታወሰው «መቶ ቤቶች» በሚል ስም ነው። የኮንፊሽየስ ተከታዮች «ሩጂያ»፣ የዳኦ መንገድ ተከታዮች «ዳኦጂያ»፣ አገር በጥብቅ ሕግ መገዛት አለበት የሚሉት ደግሞ «ፋጂያ» ተባሉ። እያንዳንዱ የአስተሳሰብ ቤት ነበር፤ መምህር እንደ አባት፣ ደቀ መዝሙር እንደ ልጅ።

ይህን ሳነብ ወዲያው የታወሰኝ የአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ነገር ነው። በመጻሕፍት ትርጓሜ «ላይ ቤት» እና «ታች ቤት» አሉን። በዜማ «የቤተልሔም ቤት»፣ «የቆማ ቤት»፣ «የአጫብር ቤት» እንላለን። ቅኔ የተማረ ሰውም «የየትኛው ቤት ነህ?» ይባላል። ፊደሎቻችን ራሳቸው በቤት ይከፈላሉ፤ «የሀ ቤት»፣ «የለ ቤት»። ግጥም «ቤት መታ» የሚባለውም በዚሁ ነው። ሁለት ሕዝቦች፣ ሳይመካከሩ፣ እውቀት የሚወረሰው እንደ ቤት መሆኑን በቋንቋቸው አስቀመጡ።

ከምግብ ቤት እስከ ኢኬያ

ቻይንኛ ነገሮችን ሲቆጥር በቁጥሩና በስሙ መካከል መስፈሪያ ቃል ያስገባል። ሰው በአንድ ቃል፣ መጽሐፍ በሌላ ቃል ይቆጠራል። ሱቅ፣ ባንክ፣ ኩባንያና ምግብ ቤት የሚቆጠሩት ደግሞ በጂያ ነው፤ «ሦስት ቤት ባንክ»፣ «አንድ ቤት ኩባንያ» እንደማለት። ሺህ ሠራተኛ ያለው ድርጅት እንኳ በቆጠራ ላይ አንድ ቤት ነው። ንግድ ሁሉ መነሻው የቤተሰብ ሥራ እንደነበር ቋንቋው አልረሳም።

ምልክት አውጪዎችም ይህን ያውቃሉ። ኢኬያ እ.ኤ.አ. በ1998 ሻንጋይ ውስጥ የመጀመሪያውን የቻይና መደብር ሲከፍት የተጠቀመበት የቻይንኛ ስም «ይጂያ» ነው። ድምፁ ከዋናው ስም ጋር ይቀራረባል፤ ትርጉሙ ደግሞ «ለቤት የሚስማማ» ነው። ለቤት ዕቃ ሻጭ ከዚህ የተሻለ ስም ማግኘት ይከብዳል። ፋሚሊማርት የተባለው የጃፓን ሱቅ «ሙሉ ቤተሰብ» የሚል ትርጉም ባለው ስም ይጠራል። በዋጋው መካከለኛ የሆነ አንድ የታወቀ የሆቴል ድርጅት ደግሞ ስሙ «ሩጂያ»፣ «እንደ ቤት» ነው፤ ድምፁ ከኮንፊሽየስ ተከታዮች ስም ጋር ቢመሳሰልም የመጀመሪያው ፊደል የተለየ ነው።

በምግብ ዝርዝር ላይ «ጂያቻንግ» የሚል ካዩ ደግሞ ያለ ሥጋት ይዘዙ። የዘወትር የቤት ምግብ ማለት ነው፤ ዕንቁላል በቲማቲም ተጠብሶ፣ የአኩሪ አተር አይብ በአትክልት ተሠርቶ፣ እናት ከሥራ ተመልሳ በ20 ደቂቃ የምታደርሰው ዓይነት። ቃሉ ከማዕድም ወጥቷል፤ ደጋግሞ የሚደርስ ነገር ሁሉ «የቤት ምግብ ሆነ» ይባላል። አምሽቶ መሥራት ለአንድ ሠራተኛ «የቤት ምግብ» ሊሆን ይችላል፤ ይህ ግን ምስጋና አይደለም።

አገርም ቤት ነው

«አገር» ወይም «መንግሥት» የሚለው የቻይንኛ ቃል «ጉዎጂያ» ነው፤ መንግሥትና ቤት ተጣምረው። በጥንቱ የጆው ሥርወ መንግሥት ዘመን መሳፍንቱ የሚያስተዳድሩት ግዛት «ጉዎ»፣ ከእነሱ በታች ያሉት ሹማምንት የያዙት ርስት «ጂያ» ይባል ነበር። በኋላ ሁለቱ ተዋሕደው አንድ ቃል ሆኑ። የኮንፊሽየስ ትምህርትም ይህንኑ ደረጃ ይከተላል፦ ሰው መጀመሪያ ራሱን ያርማል፣ ቤቱን ያደላድላል፣ ከዚያ አገር ማስተዳደር ይችላል። ቤቱን ያልያዘ አገር አይዝም።

«ዳጂያ» ደግሞ ትልቅ ቤት ነው፤ ትርጉሙ «ሁላችሁም»፣ «ሁላችንም»። አስተማሪ፣ የመድረክ መሪ፣ አለቃ ሁሉም ንግግራቸውን «ዳጂያ» ብለው ይጀምራሉ። የማይተዋወቁ መቶ ሰዎች በአንድ ቃል ቤተሰብ ይሆናሉ።

ካርታው ላይም አለች። የሄቤይ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ሺጂያጅዋንግ «የሺ ቤተሰብ መንደር» ማለት ነው፤ ዛሬ ግን ግዙፍ ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. የ2022ቱን የክረምት ኦሊምፒክ ከቤጂንግ ጋር ያስተናገደችው ጃንግጂያኮ በስሟ ውስጥ የጃንግ ቤተሰብን ይዛለች። በደቡብ ቻይና የሚኖሩት ሃካዎች በቻይንኛ «ከጂያ» ይባላሉ፤ «እንግዳ ቤተሰቦች» ማለት ነው፤ አያቶቻቸው ከሰሜን የተሰደዱ ናቸውና። በፉጂያን ክፍለ ሀገር የሚገኙት «ቱሎው» የተባሉ ግዙፍ የጭቃ ሕንፃዎች፣ ብዙዎቹ ክብ የሆኑት፣ ከእነሱ ስም ጋር ይነሳሉ። አንዱ ሕንፃ ብቻ እስከ 800 ሰው ያስጠልል ነበር። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2008 ከእነዚህ ውስጥ 46ቱን በዓለም ቅርስነት መዝግቧል። አንድ ጣሪያ፣ አንድ በር፣ ሙሉ ዘር።

ጣሪያው የሚሸፍነው

እስከዚህ ድረስ ጂያ ሞቅ ያለች ናት። ነገር ግን ጣሪያ ያስጠልላል፤ ይደብቃልም።

ከጂያ ጎን የሴት ምልክት ሲቆም «ጂያ» የሚባል፣ ዜማው የሚወረወር፣ ሌላ ቃል ይወጣል፤ ሴት ልጅ ተዳረች ማለት ነው። ወንድ ሲያገባ ግሡ ሌላ ነው። ሴቷ ወደ ሌላ ቤት ትሄዳለች፤ ስለዚህ ያገባች ሴት ሁለት ጂያ አላት፦ የወላጆቿ «ኒያንግጂያ» እና የባሏ ወላጆች «ፖጂያ»። በልማዱ የአዲስ ዓመት ዋዜማ ራት በባል ወላጆች ቤት ይበላል፤ ሴቷ ወደ እናቷ ቤት የምትሄደው በበዓሉ ሁለተኛ ቀን ነው።

ይህ ልማድ በዚህ ዘመን የብዙ ትዳር ፈተና ሆኗል። እ.ኤ.አ. ከ1980 ገደማ እስከ 2015 በቆየው የአንድ ልጅ ሕግ ምክንያት ብዙ ባልና ሚስት ለየወላጆቻቸው ብቸኛ ልጆች ናቸው። ዋዜማውን በባል ወላጆች ቤት ካሳለፉ የሚስት እናትና አባት ብቻቸውን ይበላሉ። አንዳንዶች ዓመት በተራ ያደርጋሉ፤ አንዳንዶች ሁለቱንም ወላጆች ወደ ራሳቸው ቤት ይጠራሉ፤ ሌሎች ይጣላሉ። «የትኛው ነው ጂያችን?» የሚለው ጥያቄ የሰዋስው ጥያቄ መሆኑ ያበቃል።

ገበናም አለ። በቻይና የቤት ነውር ወደ ውጭ አይወጣም፣ የቤተሰብን ጉዳይ ቅን ዳኛ እንኳ አይፈርደውም የሚሉ አባባሎች አሉ። «የቤት ገመና» እያልን ላደግን ለእኛ ይህ አዲስ አይደለም። ብዙ ሴቶችና ልጆች በዚህ አስተሳሰብ ሥር ድብደባን ችለው ኖረዋል፤ ጎረቤት ሰምቶ ያልፋል፣ ፖሊስ «የቤታችሁ ጉዳይ ነው» ይላል። ቻይና በቤት ውስጥ የሚፈጸምን ጥቃት የሚከለክለውን ራሱን የቻለ ሕግ ሥራ ላይ ያዋለችው እ.ኤ.አ. መጋቢት 1 ቀን 2016 ነው። ሕጉ ተጎጂዎች ከፍርድ ቤት የጥበቃ ትእዛዝ እንዲያገኙ ይፈቅዳል። በሌላ አነጋገር ሕግ ጣሪያው ሥር ገባ።

ከቤት መውጣትም በጂያ ይነገራል። «ቹጂያ»፣ ከቤት መውጣት፣ መመንኮስ ነው። የቡድሃ መነኩሴ ለመሆን ፀጉሩን የተላጨ ሰው ትቶት የወጣው ግድግዳውን ሳይሆን የዘርና የዝምድና ማሰሪያውን ነው። ቤት ምን ያህል እንደሚይዝ የሚታወቀው ትተውት ሲወጡ ነው።

ወደ ቤት

በቻይንኛ ከሚነገሩት ሁለት ቃላት ሁሉ «ህዌይ ጂያ»ን ያህል ብዙ ሰው የሚያንቀሳቅስ ያለ አይመስለኝም፤ «ወደ ቤት መመለስ» ማለት ነው። በጨረቃ አቆጣጠር አዲስ ዓመት ዙሪያ ለ40 ቀናት ያህል በባቡር፣ በአውቶቡስ፣ በመኪናና በአውሮፕላን የሚደረገው ጉዞ በቢሊዮን ይቆጠራል። ፋብሪካ ይዘጋል፤ ሠራተኛው ሻንጣውን፣ ስጦታውን፣ ዓመት ያጠራቀመውን ብር ይዞ ላኦጂያው ይገባል።

ብዙዎቹን እዚያ የሚጠብቋቸው ልጆቻቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1958 የወጣው የቤተሰብ ምዝገባ ሥርዓት ሰውን ከተወለደበት ስፍራ ጋር ያስራል። ከገጠር ወደ ከተማ ለሥራ የሄደ ወላጅ ልጁን በከተማው የመንግሥት ትምህርት ቤት ለማስገባት ለረጅም ጊዜ ሲቸገር ኖሯል፤ ደንቡ በየከተማው እየላላ ቢመጣም ችግሩ አላለቀም። ስለዚህ ልጁ ከአያቱ ጋር ይቀራል። «ተጠብቀው የቀሩ ልጆች» የሚል ስም እስኪወጣላቸው ድረስ ብዙ ናቸው። አባትና እናት አዲስ ቤት የሚያሠሩት በሚልኩት ብር ነው፤ ፋንጉ ይቆማል፣ ጂያው ግን በዓመት አንድ ጊዜ፣ ለአንድ ሳምንት ብቻ ይሞላል። ከዱባይና ከቤይሩት በሚላክ ገንዘብ ቤት በሚሠራባቸው የእኛ መንደሮችም ይህ ልዩነት በደንብ ይታወቃል።

መንግሥትም ገብቶበታል። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1 ቀን 2013 ጀምሮ የጸናው የአረጋውያን መብት ሕግ ተለይተው የሚኖሩ የቤተሰብ አባላት አረጋውያንን ደጋግመው እንዲጠይቁ ያዛል። ብዙዎች «ናፍቆት በሕግ ይታዘዛል ወይ?» ብለው ቀልደዋል። ሕጉ መውጣቱ ግን ጣሪያው እንዳለ ሆኖ ከሥሩ ሰው መጥፋቱን ይናገራል።

ልጅዎ ደብተሩ ላይ እነዚያን 10 ጭረቶች ሲሥል አጠገቡ ቁጭ ይበሉና «ጣሪያው መጀመሪያ ነው የሚጻፈው?» ብለው ይጠይቁት። አዎ ይልዎታል፤ ጣሪያው ይቀድማል። ነገር ግን ጣሪያውን ብቻ ጽፎ ቢያቆም ፊደሉ ጂያ አይሆንም። ቤት የሚያሰኘው ሥሩ የሚገባው ነው።

ለመጀመር ያህል

ጂያ – ቤት፣ ቤተሰብ
ዎ ጂያ – ቤቴ፣ ቤተሰቤ
ህዌይ ጂያ – ወደ ቤት መመለስ
ጂያሬን – የቤተሰብ አባል
ዳጂያ ሃኦ – ሁላችሁም እንደምን ናችሁ
ላኦጂያ – የትውልድ ወይም የአባት አገር
ጂያቻንግ ጻይ – የዘወትር የቤት ምግብ
ጅዋንጂያ – በሙያው የተካነ ሰው